ከዳር እስከ ዳር



ማታ ማታ በየቤታችን የሚሆነውን ልብ ብለን ብናይ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ሁሉም የየራሱን ፊልም የሚመለከትበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። አባት በስልኩ፣ ወንድ ልጅ በስልኩ፣ ትንሿ ደግሞ በአያቷ ስልክ አቀርቅረው ሲያመሹ፣ እራት የምታቀራርበው እናት የሁሉንም ድምፅ ትሰማለች እንጂ የአንዱንም ሥዕል አታይም። ስለ ስልክ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ስለ ተጻፈ እሱን መድገም አልፈልግም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ የተረሳ ነገር ነው፤ ይኸውም ፊልምን በሰፊ ሸራ፣ ግራና ቀኙ ሳይቆረጥ፣ ከሰው ጋር ሆኖ ስለማየት ነው። «ይህ ለእናትና ለሠራተኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ሲኒማ ሲጀመር ሸራው ሰፊ አልነበረም። የሥዕሉ ወርድ ከቁመቱ የሚበልጠው በሲሶ ያህል ብቻ ነበር፤ ኋላ የመጣው ቴሌቪዥንም ይህንኑ ቅርጽ ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባና ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ሲያጡ፣ የፊልም ኩባንያዎች ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር መፈለግ ያዙ። በመስከረም ወር 1952 ኒው ዮርክ ላይ «ሲኔራማ» ታየ፤ ሦስት የፊልም ማሳያ መኪናዎች በአንድ ጊዜ እየሠሩ በአንድ ጎባጣ ሸራ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል የሚጥሉበት ዘዴ ነበር። በዓመቱ፣ በመስከረም 1953፣ ፎክስ ኩባንያ «ዘ ሮብ» የተባለውን ፊልም በ«ሲኒማስኮፕ» አወጣ። ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ሥዕል ከዚያ ወዲህ በዓለም ተዳረሰ። በህንድ አገር የመጀመሪያውን የሲኒማስኮፕ ፊልም፣ «ካጋዝ ኬ ፉል»ን፣ ጉሩ ዱት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

የሲኒማስኮፕን አሠራር ለማስረዳት ከነጠላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰፊ ነጠላ በጠባብ ሣጥን የሚቀመጠው ታጥፎ ነው፤ በዓል ሲደርስ ተዘርግቶ ይለበሳል። ሲኒማስኮፕም እንደዚሁ ነው። የፊልሙ ጥቅል ያው የተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አንሪ ክሬትየን የፈለሰፈው ዓይነት ሌንስ ሰፊውን ሥዕል ከግራና ከቀኝ በግማሽ ጨምቆ ያስገባዋል። ጥቅሉ በእጅ ተይዞ ቢታይ ሰዉ ሁሉ ቀጭንና መለሎ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በማሳያ መኪናው ላይ ያለው ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። ሌላው መንገድ ጥቅሉን ራሱን በእጥፍ አስፍቶ 70 ሚሊ ሜትር ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» በዚህ መንገድ ታይቷል። በዚያ ፊልም አንድ ግመል ጋላቢ ከበረሃው ጫፍ እንደ ነጥብ ብቅ ብሎ፣ ቀስ በቀስ እየቀረበ ሰው ይሆናል። በትልቅ ሸራ ላይ ያቺ ነጥብ ትታያለች። በስልክ ላይ ግን አቧራ መስላ በጣት ልትጠረግ ትችላለች።

ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የፊልም ማሳያ ቤት «የሰይጣን ቤት» ይባል እንደነበር ታላላቆቻችን ያወሳሉ። በኋላ ዘመን ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ኢምፓየር፣ አምባሳደር፣ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ሲኒማ ራስ ስማቸው ገነነ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ፊልም ይታይ ነበር። እኔ ላደግሁበት ለጌጃ ሰፈር ሰው እነዚህ ቤቶች ሩቅ አልነበሩም። በሜክሲኮ በኩል ወደ አምባሳደርና ወደ ብሔራዊ፣ በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ ሲኒማ ራስ በእግር ይደረሳል። ሆኖም ከሰፈራችን ወደ ሲኒማ ይሄድ የነበረው በአብዛኛው ወንዱ ነበር። ሴት ልጅ ሲኒማ ቤት ታየች ከተባለ ስሟ በክፉ ይነሣል። ያገባችውስ ብትሆን ልጁን ለማን ጥላ፣ ሊጡን ለማን ትታ ትሄዳለች?

የእኔ እናት ግን በየቀኑ ሲኒማ ትሄድ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባችም እንጂ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከአንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ማስቲካ ትሸጥ ነበር። የህንድ ፊልም በሚታይበት ቀን ገበያው ይደራል። ዘፈኖቹን በድምፃቸው ለይታ ታውቃቸዋለች፤ ሙዚቃው ሲከርር እረፍት መድረሱን ተረድታ ቆሎዋን በወረቀት ጠቅልላ ትጠብቃለች። የመጨረሻውን ማለቂያ ግን አትሰማም፤ ሰዓት እላፊ ሳይደርስባት ቤቷ መግባት ነበረባትና። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ከባድ መጋረጃ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ገለጥ ሲል፣ የሸራው የግራ ጫፍ ብልጭ ብሎ ይታያታል። የፈረስ ጭራ፣ የአንዲት ሴት ክንድ ከነአምባሯ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ። «እኔ የማውቀው የሲኒማን ጠርዝ ነው» ትለን ነበር እየሳቀች። እኔና ወንድሜ በዚያ ቆሎ ነው ደብተርና እርሳስ የተገዛልን።

የእኔ ትውልድ ያደገው ደግሞ በቪዲዮ ቤት ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ ባለ ቀለም የሆነው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በሰፈራችን ባለ ቴሌቪዥን ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ እጄን ይዞ የሚወስደኝ ቪዲዮ ቤት አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ተደርድሮበት፣ ፊት ለፊት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ተሰቅሎበታል። «ሾሌይ»ን ያየሁት እዚያ ነው።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ሂሳብ ዛሬ ላስላው። ሰፊው ፊልም የያኔውን ቴሌቪዥን ከላይ እስከ ታች እንዲሞላ ሲደረግ ግራና ቀኙ ይቆረጣል። ወርዱ የቁመቱ 2 ነጥብ 35 እጥፍ የሆነ ፊልም እንዲህ ሲሆን ከመቶው 43 እጅ ያህሉ ይጠፋል። ዐሥር ሰው ቢሰለፍ አራቱ የሉም ማለት ነው። አንዳንዱ ካሴት ፊልሙን ሳይቆርጥ ከላይና ከታች ጥቁር ሰረዝ አስይዞ ሲያሳይ ደግሞ «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል፣ ሳንቲማችንን መልሱ!» የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር። ነገሩን ሳስበው፣ እናቴ የሸራውን ጠርዝ አይታ መሀሉን ሳታይ ኖራለች፤ እኔ መሀሉን አይቼ ጠርዙን ሳላይ አድጌያለሁ።

«ሾሌይ»ን ራሜሽ ሲፒ ሠርቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 ነው። የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ወደ 70 ሚሊ ሜትር ጎልቶ ተባዛ። ታሪኩ የሽፍታና የበቀል ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ግን አንድ ጸጥ ያለ ትዕይንት ነው። ባሏ የተገደለባት ወጣቷ ራዳ ነጭ ለብሳ ሲመሽ በትልቁ ቤት ሰገነት ላይ ያሉትን መብራቶች አንድ በአንድ ታጠፋለች። ጄይ ማዶ ተቀምጦ ሐርሞኒካ ይነፋል። አይነጋገሩም። በመካከላቸው የጨለመ ግቢ አለ። በቪዲዮ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የእሷን ፊት አየሁ፣ ቀጥሎ የእሱን ፊት አየሁ፤ ርቀቱን ግን አላየሁም። የሁለቱ ነገር ለምን ከባድ እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ያ ርቀት ነው። ፊልሙ 50 ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ ታድሶ በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ አደባባይ ላይ በትልቅ ሸራ መታየቱን ባነበብሁ ጊዜ፣ ለእናቴም እንዲህ ሰፍቶ ይታይላት ዘንድ አሰብሁ።

ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን በመልሶ ማልማት ከፈረሰ ወዲህ እናቴ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም ነው። የዱሮ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። አንደኛው ዓይኗ ሞራ ስለጋረደው የስልክ ሥዕል አይታያትም፤ የልጅ ልጆቿ «አያቴ፣ ይህን እዪ!» ብለው ሲሰጧት ለደስታቸው ስትል ራሷን ትነቀንቃለች። አባቴ ከሞተ 20 ዓመት አልፎታል።

ታዲያ በአንድ ቅዳሜ ማታ ከጎረቤቶች ጋር ገንዘብ አዋጥተን ፕሮጀክተር ተከራየን። ሁለት ነጭ አንሶላ ጎን ለጎን ሰፍተን በጋራ መገልገያ ሕንፃው ግድግዳ ላይ ወጠርነው። የሥዕሉ ወርድ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሆነ። ከጌጃ ሰፈር ወጥተው በሌላ ቦታ የሚኖሩ ሦስት እናቶችም ተጠርተው መጡ። እናቴ በርጩማዋን ይዛ ከሁሉም ኋላ፣ በስተግራ ጥግ ተቀመጠች። አንዷ ጎረቤት ይህን አይታ ተነሣችና እጇን ያዘች። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ቆሎ አይሸጡም! ይምጡ መሀል ይቀመጡ» አለቻት።

መሀል ተቀመጠች። ሽፍቶቹ ባቡሩን በፈረስ ሲያሳድዱ አንገቷን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታመላልስ ነበር፤ በአንድ ጊዜ አይቶ መጨረስ አልተቻላትም። «ይህ ሁሉ ነበር እንዴ ከመጋረጃው ጀርባ?» አለችኝ በዝግታ። ሙዚቃው ከርሮ ከርሮ ሲመጣ ደግሞ «አሁን እረፍት ነው» አለች። ጥቂት ሳይቆይ የእረፍቱ ጽሑፍ ወጣ፤ ሕፃናቱ ጠንቋይ ያገኙ ያህል ከበቧት። ራዳ መብራቱን ስታጠፋ ግን ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ፣ በሰገነቱና በማዶው መካከል ያለውን ጨለማ ዝም ብላ ታይ ነበር። «አይ ርቀት» ብቻ አለች። እኔ በቪዲዮ ቤት ያልታየኝን እሷ በአንድ ዓይኗ አየችው።

ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ቢፈጅም እስከ መጨረሻው ሳትነሣ አየችው። በማግሥቱ ቡና ላይ «የፕሮጀክተሩ ኪራይ ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። «ከእኔ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ፤ ጠርዙን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ» ብላ ሳቀች።

እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ይህን ማድረግ የሚሻ ቤተሰብ ጥቂት ነገር ቢያውቅ ይጠቀማል። በመጀመሪያ፣ ከላይና ከታች የሚታየው ጥቁር ሰረዝ ብልሽት አይደለም፤ ሥዕሉ ሙሉ ለመሆኑ ምልክት ነውና ሥዕል የሚያጎላውን ቁልፍ አትንኩት። ሁለተኛ፣ አንሶላው በደንብ ይተኮስ፤ ወርዱ 3 ሜትር ከሆነ ከፍታው 1 ሜትር ከ30 ያህል ይበቃዋል። የፊተኛው ተመልካች ከሸራው የወርዱን ያህል ይራቅ። ሦስተኛ፣ ጨለማው የተሟላ ይሁን፤ የስልክ ብርሃን ሁሉ ይጥፋ። አራተኛ፣ በአንዳንዱ የዱሮ ፊልም፣ «ሾሌይ»ን ጨምሮ፣ ግድያና ጭካኔ ስላለ ለልጆች ከመታየቱ በፊት ወላጅ አስቀድሞ ይየው። ወጪው ለአንድ ቤት ከባድ ቢሆንም በእቁብ ወይም በጎረቤት መዋጮ ቀላል ነው። ልጆች ስልካቸውን አቁመው የሚያዩት ተቆርጦ የተሞላ ሥዕል ከሰፊው ፊልም ከአራት እጅ ሦስቱን እንደሚያጣ ብትነግሯቸው፣ እነሱም ሙሉውን ለማየት መጓጓታቸው አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዚያ ማታ የቡናው ረከቦት፣ የፈንዲሻው ሳህንና የሕፃናቱ ለቅሶ በእናት ላይ አይጣል። ሥራው አስቀድሞ ይለቅ፣ ወይም አባትና ልጆች ይከፋፈሉት። ከጓዳና ከበር ላይ ሆነው የሌላውን ደስታ በድምፁ ብቻ ሲከታተሉ የኖሩ ሴቶች በየግቢያችን አሉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ሸራው ከመወጠሩ በፊት መሀል ላይ ያለውን ወንበር ለእነሱ ያዙላቸው።