የነብሮ ዳሌ

ሮቢት፣ ጥቅምት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ማሽላው እሸት ይዟል። ቀን ግሪሳ፣ ሌሊት ከርከሮ ስላለ ማሳውን ጥሎ መተኛት የለም፤ ውሻዬ ነብሮም ከማማው ሥር ያድራል። ዛሬ ሲነጋጋ ልጆቹ ቢጠሩት መነሣት አቃተው። የፊት እግሮቹን ተክሎ ወገቡን እየጎተተ ቀና አለ፤ ጥቂት እስኪራመድ ድረስም የኋላ እግሮቹ አልታጠፍ አሉት። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተፍታታ። ሲሮጥ ግን ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ነው የሚያነሣቸው።

በእኛ አገር ውሻ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግራር እሾህ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልጬ አየሁ፤ እሾህም ቁስልም የለበትም።

ጥቅምት 12

ቆቦ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ግቢው በበሬና በግመል ተሞልቷል፤ ውሻ ይዞ የመጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐኪሙ ገና ሳይነካው፣ «ጋሼ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል?» አለኝ። የክትባት ወረቀቱን አሳየሁት። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ እግር በማዛልና በማሽመድመድ የሚጀምርበት ጊዜም አለ። ክትባቱ ያልታወቀ ውሻ እግሩ ዝሎ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም መዋጥ ካቃተው ማንም አፉን ከፍቶ አጥንት ሰንቅሮት ይሆን ብሎ እጁን መስደድ የለበትም። ይህን ለልጆቼ ማታ ደጋግሜ ነገርኳቸው።

ከዚያ ሐኪሙ ነብሮን በጎኑ አስተኝቶ የኋላ እግሩን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ዘረጋው። ነብሮ አንገቱን አዙሮ የሐኪሙን እጅ አየ፤ አልነከሰም፣ ግን ትንፋሹ ተለወጠ። ጭኑን በመዳፌ እንድለካ አደረገኝ፤ ትከሻው እንዲያ ወፍሮ ጭኑ ሟሟል። ውሻ ድሮም ከግማሽ በላይ ክብደቱን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ ዳሌው ሲያመው ደግሞ ጭራሽ ወደ ፊት ይጭነዋል።

ቁርጡን ለማወቅ ራጅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ለውሻ የሚሆን ራጅ የለም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ድረስ መሄድ ሊኖርብን ነው። እስከዚያው ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ያገኘው ነገር የትልልቅ ዝርያዎች በሽታ መሆኑን ይመሰክራል፤ ሂፕ ዲስፕላሲያ ይሉታል። የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ ጠብቆ አይቀመጥም፤ ይላላል፤ ሲላላ ይፋተጋል፤ ልም አጥንቱ ያልቅና መገጣጠሚያው ያብጣል። ቡችላው ሲወለድ ደህና ይመስላል፤ በሚያድግበት ወራት ነው የሚላላው። በዘር ይወረሳል፤ አለቅጥ መመገብና በፍጥነት መወፈር ያባብሰዋል። ነብሮ ደግሞ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፤ ሹፌሩ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ያመጣው። ሽኔል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሽታውን በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎታል፤ በውጭ አገር ዝርያ የሚያራቡ ሰዎች ዛሬ ውሻውን ከማዳቀላቸው በፊት ዳሌውን ራጅ ያስነሣሉ።

ጥቅምት 14

ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን መዘንነው። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ወጣሁ፤ ቀጥሎ ነብሮን ታቅፌ። ልዩነቱ 43 ኪሎ። ነጋዴው ሳቀ፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። ጎድኑን በጣት ፈልጌ አላገኘሁትም።

ሐኪሙ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ያዘዘው ምግቡን መቀነስ ነው። ላብራዶር በሚባሉ 48 ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። ግማሾቹ ሩብ ያህል የሚሆን ምግብ እየተቀነሰባቸው ዕድሜ ልካቸውን ኖሩ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ጨመሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ ነው የያዛቸው። ድሃም ሀብታምም ሊያደርገው የሚችል ሕክምና ከዚህ በላይ አላውቅም።

ጥቅምት 20

ሽማግሌው ጎረቤቴ፣ «ይተኮስ እንጂ፤ በሬ ሲያነክስ ምን እናደርግ ነበር?» አሉኝ። በቅን ልቦና ነው፤ ማጭድ እናግላለን ብለው እሳቱን ሊያነዱልኝ ነበር። «አባባ፣ የላላው ከሥጋው በታች ነው፤ ብረቱ የሚደርሰው ቆዳው ላይ ነው» አልኳቸው። በቃጠሎ ላይ ዝንብ ሲጨመር ሕመሙ ሁለት ይሆናል። ዝም ብለው አሰቡና የነብሮን ጀርባ ዳበስ አድርገው ሄዱ።

ሌላው ወዳጄ ደግሞ ዲክሎፌናክ ይዞልኝ መጣ፤ ለጉልበቱ የሚውጠውን። ይሄ ከመተኮሱ ይከፋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱን። ሰገራው እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲወጣ ነው ብዙ ሰው የሚነቃው። ሐኪሙ የሰጠን ለውሻ የሚሆን፣ በኪሎው የተሰላ ነው፤ ከምግብ በኋላ፣ ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ብቻ።

ኅዳር 15

ሰንሰለቱን ፈታሁት። በእኛ አካባቢ ትልቅ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይለቀቃል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የደረቀ መገጣጠሚያ ሌሊት ጅብ ሲሰማ በአንዴ ይወናጨፋል፤ ላመመው ዳሌ ከዚህ የከፋ የለም። አሁን ግቢው ታጥሯል፤ ጠዋት በብርድና ማታ በጥላ፣ በጠፍጣፋው መንገድ፣ በገመድ ይዘነው ዝግ ብሎ ይራመዳል። ጎሊና ወንዝ ውኃ ባለበት ቦታ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ይሄዳል፤ ውኃው ክብደቱን ያቀልለታል። ደረቁ ጥልቅ አሸዋ ግን ያደክመዋል፤ ከዚያ እናርቀዋለን። አይሱዙ ላይ ዘሎ መውጣትም መውረድም ቀርቷል።

በረንዳው ልስልስ ሲሚንቶ ነው፤ ሲነሣ ያንሸራትተዋል። ጆንያ አነጠፍንበት። መኝታው ጭድ የተሞላ ጆንያ ነው፤ መዥገር እንዳይፈላበት ልጄ ጭዱን ትለውጣለች።

ጥር 9

ሰው ቡችላውን ይፈልጋል። «ከእሱ አንድ ብታስወልድልኝ» ያለኝ ብዙ ነው፤ ትልቅነቱን አይቶ። አልሰጥም። የነብሮ ልጅ የነብሮን ዳሌ ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ እኔም ሲያድግ የሚሆነውን አይቻለሁ። ለማሳ የሚሆን ውሻ የሚፈልግ ሰው ቀጠን ያለውን የአገራችንን ውሻ ይያዝ፤ ይሮጣል፣ ይነቃል፣ ሙቀቱንም ይችለዋል። ቅር የተሰኘ አለ፤ ይሁን።

መጋቢት 3

ዛሬ 36 ኪሎ ሆነ። ጎድኑ በእጅ ይዳሰሳል። ጠዋት አሁንም ያነክሳል፤ ይድናል ብዬ አልጠብቅም፤ የላላው ዳሌ አይጠብቅም። ነገር ግን ሲጠሩት ይነሣል፤ ምግቡ ቀንሶም ጅራቱን ይቆላል። የሌሊቱን ዙር አንድ ያገራችን ወጣት ውሻ ተረክቦታል፤ ነብሮ በር ላይ ተኝቶ መጮህ ብቻ ነው ሥራው፤ ድምፁ አልደከመም። ልጆቹ ከማዕዳቸው እንዳይጥሉለት ተስማምተናል፤ ትንሹ ግን አሁንም ይሰርቅለታል፣ ስለዚህ እሱ ሲበላ ነብሮን ውጭ እናስራለን። የእብድ ውሻ ክትባቱ በሚቀጥለው ወር ይታደሳል፤ የወጣቱም አብሮ።