ቁርጡን ንገሩኝ

ልጆች ሳለን አዳማ ውስጥ የቤት ስልክ ያለው ጎረቤት የሰፈሩ ሁሉ ባለውለታ ነበር። ዘመድ የሚይዘው ቁጥር የእሱን ነው። ከሩቅ ሲደወል የቤቱ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «ስልክ ተደውሎላችኋል!» ይላል፤ እናቴም ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ ትከተለዋለች።

ዛሬ ስልክ በየኪሳችን ነው። ታዲያ የቤት ስልክ ምን ያደርጋል? እናቴ ስኳር አለባት፤ ዓይኗም ደክሟል። የሞባይሏ ባትሪ ካላለቀ ድምፁ ጠፍቷል፣ ድምፁ ካልጠፋ ትራስ ሥር ተረስቷል። አንድ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ብደውል ብደውል ዝግ ሆነብኝ። ለካ ስኳሯ ወርዶ በላብ ተጠምቃ ተኝታለች። የደረሰችላት ጎረቤታችን ናት። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ቦታ የሚቀመጥ፣ ቻርጅ የማይጠይቅ፣ ደወሉ ጓሮ ድረስ የሚሰማ ስልክ ሆነ።

ፎርም ሞልቼ የመታወቂያና የቤት ካርታ ኮፒ አያይዤ አስገባሁ። «መስመር ሲገኝ ደውለን እናሳውቅሻለን» ተባልኩ። ወር አለፈ። ስመለስ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል»፤ በሌላ ቀን «ሲስተም የለም»፤ በሌላው ደግሞ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። በዚያ ሙቀት በባጃጅ ስመላለስ እምቢ ያለኝ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም በትሕትና ዛሬ ነገ ይለኛል። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ ይሄ ግን ባዶ እሺ ነው» አለች።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1899፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘርግቷል። እኔ የምጠብቀው ከእንጨቱ እስከ ሳሎናችን ያለውን 60 ሜትር ያህል ነው።

ነገሩን የገለጠልኝ ሰፈራችን ለጥገና የመጣ ቴክኒሻን ነው። «እህቴ፣ ችግሩ ፎርሙ አይደለም» አለኝ። ከማዕከሉ የሚወጣው የመዳብ ኬብል መንገድ ዳር ወዳለው ካቢኔ ይገባል፤ ከዚያ ተከፋፍሎ እንጨት ላይ ወደምናያት ትንሽ ሳጥን ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት ከሳጥኗ አንድ ጥንድ ሽቦ ይወስዳል። ጥንዱ ካለቀ ወይ አንድ ደንበኛ መስመሩን መመለስ አለበት፣ ወይ አዲስ ኬብል መሳብ አለበት። የእኛ ሳጥን የተተከለው በአካባቢው ጥቂት ቤቶች ብቻ በነበሩበት ጊዜ ነው።

ይህን ማወቄ መስመር ባያመጣልኝም ጥያቄዬን ለወጠው። «መቼ ነው?» ማለቱን ትቼ «ሳጥናችን የትኛው ነው? ትርፍ ጥንድ አለው? ከሌለው ኬብል የሚጨመርበት ዕቅድ አለ? የሚገባልን መዳብ ነው ፋይበር?» እል ጀመር። የመጨረሻው ጥያቄ ለአረጋውያን ቤት ቁም ነገር አለው። ተራው የመዳብ ስልክ ኃይል የሚያገኘው በራሱ ሽቦ ከማዕከሉ ስለሆነ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ፋይበር ሲሆን ግን ቤት ውስጥ የሚቀመጠው መሣሪያ መብራት ይፈልጋል፤ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው አብሮ ይዘጋል።

ወሬውን ዕድር ላይ ሳነሳ እንደ እኔ የሚጠብቁ ሰባት ቤቶች ተገኙ። ስምንታችን በአንድ ማመልከቻ ፈርመን አስገባን። በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ ኬብሉ የሚሳበው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ሦስት ወር ረጅም ነው። እኔ ግን ያን ቀን ከልቤ አመሰገንኩ። ቀኑን ስላወቅሁ የምይዘው ነገር አገኘሁ። ለእናቴ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ ሞባይል ገዛሁላት፤ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት ብቅ እያለች እንድታያት ተስማማን። ለሦስት ወር ይህን ማድረግ ይቻላል። መጨረሻው ለማይታወቅ ጊዜ ግን ማንንም ሰው እንዲህ አድርጉልኝ ብሎ መለመን ይከብዳል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ደንበኛን ላለማስቀየም «በቅርቡ» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንደምንጠቀምባት አውቃለሁ። ቃሏ ለተናጋሪው ቀላል ናት። ቤት ውስጥ በሽተኛ ያለው ሰው ግን በእሷ ምንም ሊያቅድባት አይችልም።

መስመሩ ከተባለው ቀን ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ገባ። አሁን በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ በ022 በሚጀምረው ቁጥራችን እደውላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቴ ሳይጠራ ታነሳዋለች፤ መጀመሪያ የምጠይቃትም ቁርስ መብላቷን ነው።