የአባዬ ላዳ እና የታህሳስ ጠዋት

«መኪና እንደ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበት አለው» ይላል አባዬ። ልደታ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነድቷል፤ እኛን ልጆቹንም ያሳደገችን እሷው ናት። እኔ ግን አውቶሞቲቭ ክፍል ገብቼ ሁለት ሴሚስተር ሳልጨርስ ይሄን አባባሉን ማሾፊያ አደረግኩት። «አባዬ፣ ብረት አያርፍም እኮ! እንዲያውም ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ይከብደዋል» እለዋለሁ። እሱም «እሺ ኢንጂነር» ብሎ ይተወኛል።

አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፈልን። አንድ የስፖርት መኪና አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ የሚፈጥነው በታህሳስ ጠዋት 12 ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ 8 ሰዓት? ክፍሉ ሳቀ። የስፖርት መኪና የምናውቀው በፖስተር ነዋ! እኔም በልቤ የአባዬን ላዳ አስገብቼ አሰላሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይበላል። አየር ሲቀዘቅዝ ይታመቃል፣ ሲሞቅ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ሲሊንደር በቀዝቃዛ አየር ሲሞላ ብዙ ኦክስጅን ያገኛል፣ ብዙ ቤንዚንም ያቃጥላል። ቱርቦ ያላቸው የስፖርት መኪናዎች ኢንተርኩለር የሚገጠምላቸው ታምቆ የጋለውን አየር ሞተሩ ውስጥ ሳይገባ ለማቀዝቀዝ ነው። በባህር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ግን በ8 ዲግሪ ጠዋት 0.95 ኪሎ ያህል፣ በ25 ዲግሪ ከሰዓት ደግሞ 0.89 ገደማ ነው። እንግዲህ 60 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ከፍታው ይወስድበታል። የሚቀረው ጠዋት 46፣ ከሰዓት 43 ወይም 44 ቢሆን ነው። አባዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በእግሩ ፔዳሉ ላይ የለካት ጉልበት ሦስት ፈረስ ናት ማለት ነው። ማታ ደብተሬን ዘርግቼ ሳሳየው ግን ብዙም አልገረመውም። «እና ምን አልኩህ?» አለኝ።

እኔ ግን ሦስቱን ፈረሶች ልጋልባቸው ፈለግኩ።

መንጃ ፈቃድ ከያዝኩ ሦስት ወሬ ነበር። አባዬ ወገቡን አሞት ተኝቶ ስለነበር ነዳጅ ሰልፍ እንድይዝለት ሳይነጋ ቁልፉን ሰጠኝ። ታህሳስ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የኮብልስቶን መንገድ ጤዛ ለብሶ ያብለጨልጫል፣ ሰው የለም። ቤንዚኑን ረገጥኩት። እውነትም ላዳዋ ተስፈነጠረች። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ግን የኋላ ጎማዎቹ ባዶ ተሽከረከሩና ቂጧ ወደ ቀኝ ሄደ። (ላዳም እንደ ብዙ የስፖርት መኪናዎች የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው፤ የሚያመሳስላቸው ይሄ ብቻ ይመስለኛል።) ፍሬን ያዝኩ፣ ባሰ። ዳቦ በፌስታል የያዘች ትንሽ ልጅ ከግንቡ ጥግ ብቅ ስትል አየኋት። ላዳዋ ተንሸራታ ልጅቷ ጋ ሳትደርስ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግንቡን መታ ቆመች። ልጅቷ ዳቦዋን ጥላ ሮጠች። እኔ ከመሪው ላይ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

አባዬ ወገቡን ይዞ እያነከሰ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ልጅቷ ነው። ከዚያ እጄን ይዞ ጎማው ላይ አስቀመጠው። «ንካው» አለኝ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ደርቋል፤ ጥርሱም አልቋል። የፊት መብራቱና ፓራፋንጎው የሳምንት ገቢ በሉ። ያን ሳምንት እማዬ ከዕቁብ ጓደኞቿ ተበድራ ነው የሰነበትነው።

ለካስ የመምህሩ ጥያቄ ወጥመድ ኖሯል። ሞተሩን የሚያበረታው ያው ቅዝቃዜ ጎማውን ያደርቀዋል። ላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልስና የአስፋልቱ ሸካራ ውስጥ ገብቶ ይቆነጥጣል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከላይ ከላይ ይንሳፈፋል። የስፖርት መኪና የበጋ ጎማማ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ጠባዩ ይበላሻል። የጎማ ንፋስም በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል። ጉልበቱ ይጨምራል፣ ጉልበቱን መሬት ላይ የሚያሳርፈው እግር ይከዳል።

ስሌቴ ሌላም ቦታ አሳፍሮኛል። ለለቅሶ መተሐራ ስንወርድ በዚያ ሙቀት ላዳዋ ትሞታለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያ በረታች። መተሐራ ከፍታው 1,000 ሜትር አይሞላም። በ35 ዲግሪ ሙቀት እንኳ አየሩ ከ1 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከኛ የታህሳስ ጠዋት ይበልጣል። ሙቀቱን እንጂ ከፍታውን አላሰላሁትም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም፤ ከፍታው ምንም አይወስድበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ 4,300 ሜትር ላይ የሚያልቀውን የፓይክስ ፒክ ዳገት ውድድር ክብረ ወሰን የሰበረው የኤሌክትሪክ መኪና የሆነውም ለዚህ ነው። ይሄን ለአባዬ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ጎማውስ?» አለኝ።

«ጎማው ያው ላስቲክ ነው» አልኩት።