ሐውልቱን ማን አቆመው?

በየዓመቱ የካቲት ሲገባ አራዳ ጊዮርጊስ ያሉት አፄ ምኒልክ በፌስቡክ ሰፈራችን እንደገና ይነግሣሉ፣ እንደገናም ይከሰሳሉ። አንዱ "የጥቁር ሕዝብ ኩራት" ይላል፤ ሌላው "አያቶቼን የወጋ ንጉሥ" ይላል። ታሪክ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሁለቱም ልጆች አሉ፤ ሁለቱም ከቤታቸው የሰሙትን ይዘው ነው የሚመጡት።

እኔ "ጥሩ ነበሩ ወይስ መጥፎ?" ብዬ አልጀምርም። ሐውልቱን ማን፣ መቼ፣ ለምን አቆመው? እላለሁ።

የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ምኒልክ ካረፉ 17 ዓመት ሊሞላ ነበር። አልጋቸውን ያወረሷቸው የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን በሕይወት ነበሩ፣ እስር ላይ። እንግዲህ አስቡት፦ አዲሱ ንጉሥ ያንን ሐውልት ሲመርቁ፣ የምኒልክ ወራሽ ማን እንደሆነ ያለ አዋጅ ማወጃቸው ነበር። ፈረሱ ላይ ያሉት ምኒልክ ናቸው፤ የሚናገረው ግን ያቆማቸው ነው።

ይሄ ቋንቋ ለፋሺስቶቹም ገብቷቸዋል። አዲስ አበባን ሲይዙ ምኒልክን አውርደው ቀበሩ፤ ባቡር ጣቢያው ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ጭነው ሮም ወሰዱት። ከነጻነት በኋላ ሁለቱም በየጊዜያቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዘውዱን የጣለው ደርግ እንኳ ምኒልክን ከፈረሳቸው አላወረደም፤ አድዋን የማይፈልግ መንግሥት የለማ!

በኛ ዘመንም ያው ነው። በ2006 አርሲ ላይ የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ። በ2011 አፍሪካ ኅብረት ግቢ የጃንሆይ ሐውልት ቆመ። በ2012 ሰኔ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። እያንዳንዱ ስለ ሟቾቹ ከሚነግረን በላይ በዚያ ዓመት ጉልበት ማን ጋ እንደነበር ይነግረናል።

እኔ ይፍረስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጣሊያን ቀብሮ አይተነዋል፤ ክርክሩ አልተቀበረም። ግን አበባ አስቀምጦ መሄድም "አያቶቼስ?" ለሚለው ልጅ መልስ አይሆንም። ያ ልጅ ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ካልጠየቀ፣ አንድ ቀን ገመድና መዶሻ ይዞ አደባባይ ላይ ይጠይቃል። እኔ እዚህ ቢጠይቀኝ እመርጣለሁ።

እስቲ እናንተ ከተማ አደባባይ ላይ የቆመው ማን ነው? ያቆመውስ? የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ከናንተ እጠብቃለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።