ፈረሱ የማን ነው?

ፈረስ በአገራችን ስሙን ለሰው ያበደረ እንስሳ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። እኛ የደብረ ማርቆስ ልጆችም በፈረስ ነገር ጉራችን ቀላል አይደለም። የባሕር ዳርን መንገድ ይዛችሁ እንጅባራ ብትደርሱ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ታያላችሁ። ማኅበሩ የአድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን የሚዘክር ነው። በዚያን ዕለት ፈረሱ እንደ ሙሽራ ይለብሳል፣ ጉግሱ ይደምቃል፣ ባለካሜራው ይራኮታል። እኛም ሄደን ተራኩተናል።

ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ግን ጥር 24 ስላለው ፈረስ ነው። ጋሪ ስለሚጎትተው፣ ሲሚንቶና ጤፍ ስለሚያመላልሰው፣ ማንም ፎቶ ስለማያነሣው።

«ጋሪ እኮ ጊዜው አልፎበታል» የምትሉ ወዳጆቻችን ትንሽ ታገሡን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ መንገድ ይዘጋል፣ ነዳጅ ይጠፋል። ያኔ ባጃጁ ይቆማል፤ ፈረሱ አይቆምም። ዱቄቱም፣ በሽተኛውም፣ የተፈናቀለ ሰው ዕቃም የሚጫነው በጋሪ ነው።

ከተማችን ውስጥ ጋሪ የሚነዳው ልጅ ብዙ ጊዜ የፈረሱ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው። ልጁ ማታ ማታ የተስማሙበትን ያህል ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ምስክር ተፈልጎ ቢገኝ ፈረሱ ራሱ ነው። ሰላም እስከሆነ ድረስ ይህ አሠራር ማንንም አይጎዳም። ችግሩ አደጋ የደረሰ ቀን ነው።

አንዱን አደጋ በዓይናችን አይተናል። አንድ አይሱዙ አንዱን ጋሪ ከኋላው ነካው። ፈረሱ በርግጎ ጋሪውን እየጎተተ ከአስፋልቱ ወጣና መንገድ ዳር ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ላይ ሄደባቸው። እግራቸው ተሰበረ። የትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ከሹፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ኢንሹራንስ ጠየቀ፤ ሹፌሩ ሦስቱንም አወጣ። ቀጥሎ ወደ ልጁ ዞረና «ፈረሱ የማን ነው?» አለው። ልጁ ዝም። ከከበበው ሕዝብ መካከልም «የእኔ ነው» ያለ ሰው አልነበረም። (ባለቤቱ እዚያው ቆመው ያዩ ከነበሩት አንዱ እንደሆነ የሰማነው በኋላ ነው።)

እስቲ ሕጉ ምን ይላል ብለን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥን። ቁጥር 2071 አይሸፋፍንም፤ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ሳይታሰብ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ድንገተኛ ቢሆንም ኃላፊ ነው። «ፈረሴ ደንግጦ ነው» ማለት አያድንም ማለት ነው። ተከትለው የሚመጡት ቁጥሮች ደግሞ እንስሳውን ለጥቅሙ የያዘውን፣ የተከራየውን፣ የተዋሰውን ሰው ያስገቡታል፤ እንስሳው በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት እሱም ይጠየቃል። ባለቤቱ ከከፈለ በኋላም ፊቱን ወደዚህ ሰው አዙሮ የከፈለውን መልስ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ፖሊሱ ያነሣት ጥያቄ ቀላል አይደለችም። ልጁ ተቀጣሪ ነው ወይስ ተከራይ? ተከራይ ከተባለ ዕዳው በመጨረሻ ዞሮ እሱ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ለእሱ ደግሞ የዓመት ገቢው ነው። ይህንን የሚለየው ደግሞ ያ ያልተጻፈው ወረቀት ነው።

አይሱዙውስ? ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትንም ያለ ጥፋት ኃላፊ ያደርገዋል። በሕግ ዓይን ሁለቱ እኩል ተፋጠዋል። አንዱ ግን ከኋላው ኢንሹራንስ አለው፤ የሦስተኛ ወገን መድን ለሞተር ተሽከርካሪ ግዴታ ነው። ጋሪው ሞተር የለውምና ግዴታው አይነካውም። ብዙዎች ይህንን እንደ ዕድል ያዩታል። እኛ እንደ ዕድል አናየውም። ኢንሹራንስ የሌለበት ቦታ ሁሉ ተጎጂዋ የምትካሰው ከልጁ ኪስ ነው፤ የልጁን ኪስ ደግሞ እናውቀዋለን።

ስለ ጭነት ብዙ አንልም፤ መንገድ ላይ የሚታይ ነው። በአደባባይ እንስሳን ማሰቃየትና ከአቅሙ በላይ ማድከም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የደንብ መተላለፍ ነው። በዚህ ተከሶ የተቀጣ ባለጋሪ ግን እኛ አልሰማንም።

ይልቅ ስለ ቁስል እናውራ። የሊምፍ ሥርን እየተከተለ ፈረስን የሚያቆስል፣ ከፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ28 የአገራችን ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን ተመልክቶ ከመቶው 18.8 በሚሆኑት ላይ በሽታውን አግኝቷል። ከአምስት ፈረስ አንዱ ማለት ይቻላል። የሚበረታው ሞቅና ረጠብ በሚለው ወይና ደጋ ነው፤ የእኛ ብርድ በዚህ በኩል ጠቅሞናል። ግን ፈረስ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ካገር አገር ይሄዳል። በሽታው የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ዝንብም ያስተላልፈዋል፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚዛወር ዕቃም ያስተላልፈዋል። ጋሪ ተራ ላይ «እስቲ የአንተን ልጓም አውሰኝ» መባባል የተለመደ ነው። ደግነት ነው፣ እናውቃለን፤ ግን የፈረሱ ልጓምና ኮርቻ የራሱ ብቻ ቢሆን፣ አዲስ የተገዛ ፈረስም ቁስሉ በሐኪም እስኪታይ ለብቻው ቢታሰር ብዙ መከራ ይቀራል።

ከገበያ የተገዛ ፈረስ በእግሩ ይነዳል፤ ሩቅ ከሆነ አይሱዙ ላይ ይጫናል። መጫኑን ላያችሁት ያሳቅቃል። ለእንስሳ ተብሎ የተሠራ መወጣጫ ስለሌለ መኪናው ወደ አንድ ጉብታ ይጠጋና ፈረሱ እየተጎተተና እየተገፋ ይገባል። ወለሉ ብረት ነው፤ ሰኮና ደግሞ ብረት ላይ ይንሸራተታል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ መውረድና መውጣት አለበት። እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ የፊቱን ወንበር ጨብጠን የምናልፈውን ጠመዝማዛ፣ እሱ ቆሞ በአራት እግሩ ሚዛኑን እየጠበቀ ያልፈዋል። ከደጋው ብርድ ወጥቶ በረሃው ሙቀት ውስጥ የሚገባውም ውኃ ሳይቀምስ ነው። ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ መበተን፣ ከመውረዱ በፊት ደጀን ላይ ውኃ ማጠጣት፣ ቢወድቅ እንዳይታነቅ ቶሎ የሚፈታ ቋጠሮ መቋጠር ይህን ያህል ወጪ የለውም። ሹፌሩ ግን ገና ሲጫን «በራስህ ኃላፊነት ነው» ብሎ ጨርሷል። ባለ ፈረሱም እሺ ብሏል። ይህችም በቃል ናት።

ከሁሉ የሚከብደን ግን የፈረሱ እርጅና ነው። በሬ ሲያረጅ ይሸጣል፤ አርሶ አርሶ ሲደክም ልኳንዳ ቤት ዋጋ አለው። የፈረስ ሥጋ እኛ ዘንድ አይበላም። ስለዚህ ያነከሰ ፈረስ ዋጋው ከዚያች ቀን ጀምሮ ዜሮ ነው፤ መኖው ግን ዜሮ አይሆንም። ባለቤቱ ምን ያድርግ? አንድ ቀን ማታ ከከተማው ዳር ወስዶ ይለቀዋል። ክረምት ሲሆን ሜዳው ረግረግ ነው፣ አስፋልቱ ግን ቀን የጠጣው ሙቀት አለው። ፈረሱም መጥቶ አስፋልቱ መሀል ይቆማል። ጅብ ካላገኘው መኪና ያገኘዋል። ሌሊት የሚመጣው ሹፌርና ተሳፋሪዎቹም ፈረሱን ያገኙታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለው። በቁጥር 2074 መሠረት ጉዳት ያደረሰው የቤት እንስሳ ከሆነና ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት፣ እንስሳውን ለተጎጂው ለቅቆ ከዕዳው ነጻ ሊወጣ ይችላል። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው ላምና በሬ ይሆን? ቲማቲም ሻጯ እናታችን ለተሰበረ እግራቸው ካሳ አንድ አንካሳ ፈረስ ቢረከቡ ምን ያደርጉታል? እሳቸውም ማታ ከከተማው ዳር ወስደው ከመልቀቅ ሌላ ምርጫ የላቸውም።

እንደኛ እንደኛ ቢሆን ማዘጋጃ ቤቱ ጋሪን ከመከልከሉ በፊት ለእያንዳንዱ ጋሪ ቁጥር ይስጥ፤ ቁጥሩም የባለቤቱንና የነጂውን ስም ይያዝ። ከጋሪው ኋላ አንጸባራቂ ነገር ይለጠፍ። ባለጋሪዎቹም ዕድር እንደሚጠጡት ሁሉ ለአደጋ ቀን የምትሆን ትንሽ መዋጮ ይጀምሩ፤ ያረጀ ፈረስ የሚታከምባት ወይም ሳይሰቃይ በሐኪም እጅ የሚያርፍባት ገንዘብም ከዚያው ትውጣ። የነጂውና የባለቤቱ ውል ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ይህንኑ ብዙ ፈረስ ላሏቸው አንድ ሰውዬ አጫወትናቸው። «ጋሼ፣ ከልጆቹ ጋር ውል ለምን አትጽፉም? እኛ እንኳ በነጻ እናረቅልዎታለን» አልናቸው። በጥሞና ሰሙንና ሳቁ።

«እናንተ ልጆች፣ ውል ከጻፍኩማ ፈረሱ የእኔ ነው ማለቴ አይደል?» አሉን። የሻያችንን ከፍለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።