ከመገናኛ እስከ አያት፦ በአንድ ቅዳሜ የሚማሩት የቤት ሒሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዋጋ የማይነሳበት ጨዋታ የለም። ቡና ሲፈላ፣ ሠርግ ላይ ስንቀመጥ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻችንን ስንጠብቅ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል። “ካሬው ስንት ገባ? የቱ ሰፈር ጨመረ?” በወሬው መሃል የሚጠፋው ሒሳቡ ነው። ብዙ ቤተሰብ ለአንድ ቴሌቪዥን ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ያነጻጽራል፤ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያፈስበትን ቤት ግን በአንድ ከሰዓት ይወስናል።

ስለዚህ በዚህ ወር የምንጋብዝዎ ጉዞ አጭር ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ምቹ ጫማ አድርገው፣ ከተቻለም ከባለቤትዎ ጋር ሆነው፣ ከመገናኛ ተነስተው እስከ አያት ይሂዱ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር መስመር በዚሁ ያልፋል፤ ባቡሩ ከዘገየብዎ ታክሲ አለ። ቦርሳዎ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይኑር። ዛሬ የሚሄዱት ለመግዛት ሳይሆን ለመማር ነው።

ገርጂ፦ ቤቱ ምን ያህል ያስገባል?

ወደ ምሥራቅ ከመቀጠልዎ በፊት ከመገናኛ በታክሲ ወደ ገርጂ ጎራ ይበሉ። ዛሬ በየአቅጣጫው የምናየው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በሙከራ የተጀመረው እዚህ ነው። በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከምድር ቤቱ ሱቆች ዳቦና የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ደረጃው ሥር በርበሬ ይሰጣል። ቤቱን ግን እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ ገዢ ይመልከቱት።

የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው፤ የዓመቱን ኪራይ ለቤቱ ዋጋ ያካፍሉ። ለምሳሌ ያህል ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ይጠየቅበታል፣ በወር 25,000 ብር ይከራያል እንበል። በዓመት 300,000 ብር፣ ማለትም ከዋጋው 5 ከመቶ ነው። አሁን ወጪውን ይቀንሱ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ይቆያል፤ 25,000 ሄደ። ለጥገና፣ ለግብርና ለጋራ መዋጮ 45,000 ቢወጣ እጅዎ ላይ የሚቀረው 230,000 ነው። 4 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ኑሮ ሲወደድ ባንክ የተቀመጠ ብር ስለሚሟሽሽ፣ ቤት ደግሞ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ ያድጋል ተብሎ ስለሚታመን ነው። እምነቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ሁለቱን አይቀላቅሏቸው። ኪራይ በየወሩ እጅ የሚገባ ገቢ ነው። የዋጋ ጭማሪ ግን እስኪሸጡ ድረስ ተስፋ ነው። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ መስከረም ሲጠባ ከግድግዳው ቆርሰው የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍሉም።

ለማከራየት ካሰቡ በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ይወቁት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪውንም አከራይ እንደፈለገ አይወስነውም። “ቢቸግረኝ ኪራይ እጨምራለሁ” የሚለውን ከሒሳብዎ ያውጡት።

ሲኤምሲ፦ የሚገዙት ምንድን ነው?

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰው በጉርድ ሾላና በሲቪል ሰርቪስ በኩል ሲኤምሲ ይድረሱ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚህ ቤቶች ከሠራው የኢጣሊያ የግንባታ ድርጅት ነው። በግቢ የታጠሩትን ቤቶችና በአጠገባቸው የበቀሉትን ፎቆች እያዩ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ እዚህ ገንዘብ የሚከፍል ሰው በትክክል የሚገዛው ምንድን ነው?

መሬቱን አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። አያቶቻችን ለጡረታችን ብለው የሠሯቸው የኪራይ ቤቶች በአንድ ቀን ከእጃቸው ወጡ። ዛሬ ከአንድ በላይ ቤት መያዝ ይቻላል፤ የመሬት ባለቤትነት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እርስዎ የሚገዙት ሕንፃውንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ የተሰጠው ጊዜ 99 ዓመት ነው፤ ምን ያህሉ እንዳለፈና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩን ይጠይቁ።

እንግዲህ የሚገዙት መብት ከሆነ፣ ዋናው ዕቃ ወረቀቱ ነው። ሳሎኑን ከማድነቅዎ በፊት ካርታውን ይዩ። በካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ነው? ባንክ በመያዣነት ይዞታል? የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? ይህን ደላላ አይነግርዎትም፤ የሚያውቀው ካርታውን የሰጠው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት አንዱ ብቻውን የጋራ ቤት መሸጥ አይችልም። ቤቱ የዕጣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ እንዳይሸጥ የተጣለበት የዓመታት ገደብ ማለፉን ያረጋግጡ።

የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መረጋገጥ አለበት። በዚህም አያበቃም፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ ቤቱ በሦስተኛ ወገን ዘንድ የእርስዎ ተብሎ አይታወቅም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለእርቅ እንጂ ለቤት አይበቃም።

አያት፦ ብሩ ራሱ ስንት ያወጣል?

መሪን አልፈው አያት ሲደርሱ ባቡሩም መንገዱን ይጨርሳል። የሪል እስቴት ቪላዎች፣ የተጀመሩ ፎቆች፣ ገና በወረቀት ላይ ያለ ቤት የሚያስተዋውቁ ትልልቅ ሰሌዳዎች ያያሉ። እዚህ የሚማሩት የብርን ዋጋ ነው።

ያንኑ የ6 ሚሊዮን ብር ቤት እንውሰድ። 2 ሚሊዮን ከኪስዎ ከፍለው፣ ቀሪውን 4 ሚሊዮን በ16 ከመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ተበደሩ እንበል። የወር ክፍያዎ ወደ 58,700 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 53,300 ያህሉ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 5,400 ብቻ ነው። በ15 ዓመት ለባንኩ የሚመልሱት ከ10.5 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። ኪራዩ 25,000 ከሆነ በየወሩ 33,700 ከደመወዝዎ ይጨምራሉ ማለት ነው። “ኪራዩ ራሱ ዕዳውን ይከፍላል” የሚለው አባባል የሚሠራው ቁጥሮቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ያላለቀ ቤት ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ቅድሚያ ሲከፍሉ ለአልሚው እያበደሩት ነውና እንደ አበዳሪ ይጠይቁ። ግንባታው የት ደርሷል? ቢዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? ሲሚንቶና ብረት ቢወደድ ጭማሪው በማን ላይ ነው? ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመጨረሻው ጥያቄ ችላ የሚባል አይደለም። ከዚህ በፊት አጠናቀው ያስረከቡትን ሕንፃ አድራሻ ተቀብለው ሄደው ነዋሪዎቹን ያነጋግሩ።

ገንዘቡን ወንድምዎ ከዋሽንግተን ወይም እህትዎ ከዱባይ የሚልኩ ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ፤ ካርታው በማን ስም ይወጣል? ውክልናው እስከ ምን ድረስ ነው? ኪራዩን ማን ይሰበስባል? ይህ ሳይጻፍ በመቅረቱ በቤት ምክንያት የተኳረፉ እህትማማቾች በየሰፈራችን አሉ። በዓል አብሮ ማሳለፍ ከፈለጉ መጀመሪያ ይጻፉት።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን ይግለጡና ያዩትን እያንዳንዱን ቤት በሦስት መስመር ያስፍሩ። ወጪ ተቀንሶ በዓመት የሚያስገባው፣ ወረቀቱ ላይ ያልተመለሰው ጥያቄ፣ የወር ክፍያው ከደመወዛችሁ የሚወስደው። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ደላላው “ሌላ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ ነው” ቢልዎትም ቀብድ አይስጡ። ያ ገዢ ይግዛው። ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል።