መነጽሩን ማን አወለቀው?

ጥቁር መነጽር ያደረገ ደንበኛ ፎቶ ቤት ሲገባ የፎቶ አንሺውም ፊት አብሮ ይጠቁራል። አውልቁ ቢሏቸው ይቆጣሉ፤ ካላወለቁም በማግሥቱ «ዓይኔ የታለ?» ብለው የሚመጡት እነዚያው ናቸው።

እኔ ክረምት ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ጅግጅጋ አንድ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። የጅግጅጋ ፀሐይ የዋዛ አይደለችም። ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከመንገድ እንደገባ አይነሣም፤ ወንበር ሰጥተን መነጽሩ እስኪጠራ ጥቂት ደቂቃ እናስጠብቀዋለን። (የድሮውን የመስተዋት ዓይነት የሚያጠቁረው በውስጡ ያለ የብር ጨው ነው፤ ፊልምም ሥዕል የሚይዘው በብር ጨው መሆኑን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር። መነጽሩ ጥላ ሲገባ ይጠራል፣ ፊልሙ ግን እንደያዘ ይቀራል።)

ኮምፒዩተር ሳይመጣ በፊት ሥራው የእጅ ነበር። ነጋቲቭ ላይ ሁሉ ነገር ግልብጥ ነውና ጥቁሩ መነጽር እዚያ ጥርት ያለ ቀዳዳ ይመስላል። ሪታች የሚያደርገው ሰው ነጋቲቩን ብርሃን ፊት አቁሞ፣ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ቀዳዳውን ነጥብ በነጥብ ያጠቁረዋል፤ እሱ ባጠቆረ ቁጥር ወረቀቱ ላይ መነጽሩ እየነጣ ይሄዳል። የመብራት ነጸብራቅ ሲሆን ደግሞ በምላጭ መፋቅ ነው። እጅ ከሳተ አለቀ።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ሰፈሩ ሁሉ «አዬዮ» የሚላቸው አንዲት አሮጊት ያረጀ ፖስታ ይዘው መጡ። የሟች ባለቤታቸው ነጋቲቭ ነው። በ1970 ዓ.ም. ጦርነት፣ ጅግጅጋ ከመስከረም እስከ የካቲት 26 በሶማሊያ ጦር እጅ በቆየችበት ጊዜ፣ ቤት ንብረታቸው ሲጠፋ ይቺ ፖስታ ብቻ ተረፈች። አሜሪካ ያለው የልጅ ልጃቸው በትልቁ እንዲታተም ገንዘብ ልኳል። «የአያቴን ዓይን አይቼው አላውቅም፣ መነጽሩን አንሣልኝ» ብሎ ጽፎልኛል።

ነጋቲቩን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቼ ጥላውን ቀስ እያልኩ አነሣሁት። መነጽሩ እንዳሰብኩት ድፍን ጥቁር አልነበረም፤ ፊልሙ ከጀርባው ያለውን ይዞ ኖሯል። ግራ ዓይናቸው ብቅ አለ፤ ሳቅ ያለበት ዓይን። ቀኙ ግን ነጭ ነበር።

እኔ ጅሉ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ አተምኩት።

አዬዮ ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ፣

— ወርያ፣ መነጽሩን ማን አወለቀው?

— እኔ ነኝ አዬዮ። የልጅ ልጅዎ አዞኝ ነው።

— እሱንስ ጠይቃችሁታል? አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ፎቶው እያሳዩ።

መነጽሩ የራሱ እንኳ አልነበረም አሉኝ፤ ቶጎ ውጫሌ ከሚነግድ ጓደኛው ለዚያ ቀን የተዋሰው ነው። ዓይኑን ያጠፋው ዓይነ ማዝ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሲፍቀው ኖሮ። «ሚስቱ ነኝ፤ እኔ እንኳ በቀን ብርሃን ትክ ብዬ እንዳየው አይወድም ነበር።»

ወረቀቱን አልቀደዱትም። አውራ ጣታቸውን ቀኙ ዓይን ላይ ጭነው ግራውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «መልስለት» ብለው ወጡ።

መለስኩለት። አሁን ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ባለመነጽሩ ነው። ልጁ ግን «አለቀ ወይ?» እያለ ይጽፍልኛል። ነጋቲቩ ተበላሽቷል ብዬ ልዋሸው? ወይስ አያትህ መታየት አልፈለጉም ልበለው፣ እሱም ለምን ይበለኝ? ያቺን ወረቀት ደብተሬ ውስጥ ይዣት እዞራለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፉለት ነበር? እኔ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።